ዳክዬዋ የምትገድፍበት ወር

በመምህርነት ባሳለፍኋቸው 37 ዓመታት፣ ስለ አእዋፍ በማስተምርበት ሳምንት ሁሉ የማልዘላት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። «የዱር ዳክዬ ምን ትበላለች?» እላለሁ፤ ክፍሉ ይንጫጫል። ከፊት የተቀመጠው «ሣር!» ይላል። ከኋላ ያለው «ጭቃ!» ሲል ሳቅ ይሆናል። «ዓሣ!» የሚልም አይጠፋም። ሁሉንም አዳምጬ ስጨርስ፣ «ጎበዞች ናችሁ፤ ግን አንዳችሁም ‹መቼ?› ብላችሁ መልሳችሁ አልጠየቃችሁኝም» እላቸዋለሁ። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያች «መቼ» ላይ ነውና። ዳክዬ ከዓመት እስከ ዓመት አንድ ዓይነት ገበታ የላትም። በተለይ ሴቷ እንቁላል የምትጥልበት ወር ሲደርስ፣ የለመደችውን የሣር ፍሬና ሥራሥር ትታ ወደ ትልና ወደ ቀንድ አውጣ ትዞራለች። በእኛ ቋንቋ ብንናገረው፣ የጾም ስትበላ የከረመች ፍጥረት በዚያች ወር ትገድፋለች ማለት ነው።

ይህችን ጥያቄ ለስንቱ የሰው ልጅ ሳቀርብ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ ለማቅረብ ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ነሐሴ ድረስ አፌ አልፈታ ብሎኝ ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት አንባቢን ወደ ሱሉልታ፣ ወደ 1962 ዓ.ም. ክረምት ልውሰድ።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላ ግንብና ፋብሪካ የበዛባት ይህች ቦታ በልጅነቴ ሜዳ ነበረች። ክረምት ሲገባ ዙሪያዋን ከከበቧት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጥቁሩ አፈር አንዴ ከጠገበ ውኃ አያሰርግምና፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሜዳው ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ብቻ ከጉልበት የማያልፍ ሐይቅ። መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ የልጅ ደረት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ማጭድ ይገባበታል፤ ድርቆሹ ተከምሮ፣ ተጭኖ፣ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይወርዳል። የአባቴ እንጀራ ይኸው ድርቆሽ ነበር።

በዚያ ውኃ ላይ ነው ዳክዬዎቹ የሚያርፉት። አያቴ በጥንቱ አጠራር «ይብራ» ይሏቸው ነበር። ገላቸው ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ እምብዛም ዓይን የማይስብ ነው፤ መንቆራቸው ግን መካከሉ ጥቁር ሆኖ፣ ዳርና ዳሩ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው። ከእኛ ደጋ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛሉ። በእኛ በኩል ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን በጎበኘው በጀርመኑ ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም መጠራታቸውን የተረዳሁት በስተኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ በእኛ ሰፈር ዳክዬ የሚበላ ሰው አለመኖሩን፣ ከዚህም የተነሣ ሰውና ዳክዬ ተፈራርተው እንደማይኖሩ ነበር።

በዚያ ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቴን የሚያውቃት ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክርላታል፤ ጾም አታፈርስም። የሰኔን ጾም ጨረሰች፤ ረቡዕና ዓርብን አላጓደለችም፤ ፍልሰታ ገባ። ጎረቤቶች «ኧረ አንቺ ሴት፣ ሁለት ነፍስ ነሽ፤ ለራስሽ እንኳ ባታዝኚ» ሲሏት፣ «ሆዴ ውስጥ ያለውም ክርስቲያን ነው፤ አብሮኝ ይጹም» ብላ ትስቅባቸዋለች። ቅዳሴ እስኪወጣ ከንፈሯ ላይ ጠብታ ውኃ አይነካም። ከዚያ በኋላ ጭቃውን እየረገጠች ቤት ትደርስና፣ ለእኛ አቅርባ፣ ለአባቴ አስቀምጣ፣ የተረፈችውን ግማሽ እንጀራ በሽሮ ጠቅልላ ትጎርሳለች።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገዳችን በሜዳው ዳር ነበር። ዳክዬዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ውኃው ላይ ናቸው። ከጥንዱ አንደኛው ራሱን ደፍቶ፣ ጭራውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ከውኃው ሥር አንድ ነገር ይፈልጋል። ስንሄድ እንደዚያው፤ ቅዳሴ አልቆ ስንመለስም እንደዚያው። አንድ ቀን እናቴ ቆም ብላ አየቻቸውና፣ «እነዚህስ ጾም የላቸው! ይኸው ሲበሉ ውለው ሲበሉ ያመሻሉ» አለች። ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከእናቴ ንግግር ሁሉ ይቺን ቃል እስከ ዛሬ ከነድምፅዋ አስታውሳታለሁ።

በ1963 ዓ.ም. መስከረም፣ መስቀል ሊሆን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሴት ልጅ ወለደች። እህቴ በጣም ትንሽ ነበረች። አዋላጇ ሴትዮ ጨርቅ ደራርበው ሲጠቀልሏት ከጨርቁ ልጅቱ ታንሳለች። ጡት የመሳብ ጉልበት አልነበራትም፤ የእናቴም ጡት የሚገባውን ያህል አልሞላም። ገንፎው ቀረበ፣ አጥሚቱ ተሠራ፣ ዶሮም ታረደ። አሁን ሳስበው፣ ያ ሁሉ ምግብ ወደ እናቴ የመጣው ከወለደች በኋላ ነበር።

ጥቅምት መግቢያ ላይ አባቴ ቀድሞ የደረቀውን የሜዳውን ዳር ማጨድ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው እየተከተልሁ ነዶውን እሰበስባለሁ። ድንገት ከማጭዱ ፊት አንዲት ዳክዬ እየጮኸች ብድግ አለች። ሣሩን ገለጥ ብናደርገው፣ ከራሷ ገላ በተነጨ ለስላሳ ላባ የተነጠፈ ጎጆ፣ በውስጡም ዘጠኝ እንቁላል። እጄን ስዘረጋ አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዋት» አሉኝ። «አራስ ናት።»

በጎጆዋ ዙሪያ ያለውን ሣር ጫፍ ጫፉን አገናኝተው አሰሩትና፣ አልጋ የሚያህል ቦታ ትተው ሌላውን አጨዱ። ሌሎቹ አጫጆች ምልክቱን ሲያዩ ዞረው ያልፋሉ። እንዲህ ሆኖ በሜዳችን መካከል አንዲት አልጋ የምታህል ሣር ቆማ ቀረች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጎጆው ውስጥ ቅርፊት ብቻ ቀረ፤ ጫጩቶቹን ከወንዙ ዳር አገኘኋቸው። ዘጠኝ ነበሩ። በሳምንቱ ስቆጥራቸው ሰባት ሆኑ። ጭልፊትም አለ፣ ውሻም አለ። በኅዳር አራት ያህል ቀሩ፤ እነሱ ግን አድገው የእናታቸው ግማሽ ሆነው ነበር።

በዚያው ኅዳር እህቴ ሞተች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ ሰማንያዋ አልሞላም ነበር። ስም ሳይወጣላት ተቀበረች። ከቀብር ስንመለስ በሜዳው ዳር አለፍን፤ ያቺ ያልታጨደች ሣር እንደ ቆመች ነበረች። እናቴ ወደዚያ አላየችም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ተሰነቀረ። የዳክዬዋ ልጆች ውኃው ላይ ሲቦርቁ የእኛዋ ለምን ጠፋች? ያቺ ዳክዬ ምን በልታ ነው? ሐዘን የወለደው የልጅ ጥያቄ ነበር። መልሱን ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደብኝ።

አራት ኪሎ፣ በሳይንስ ፋኩልቲ የሥነ ሕይወት ተማሪ በነበርሁበት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አእዋፍ የሚታተም አንድ የአሜሪካ መጽሔት እጄ ገባ። ጋሪ ክራፑ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው ጥናት ነበረበት። በሰሜን ዳኮታ ሜዳዎች፣ ከእኛዋ ሱሉልታ ጋር በሚመሳሰሉ ከጥልቀታቸው ስፋታቸው በሚበልጥ ኩሬዎች ላይ፣ ፒንቴይል የምትባለዋ ጭራ ረዥም ዳክዬ በመራቢያዋ ጊዜ ምን እንደምትበላ የሚመረምር ጽሑፍ ነው። ይህቺ የዳክዬ ዘር ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሡት ብርዱን ሸሽተው በበጋችን ሐይቆቻችን ላይ ይሰፍራሉ። ያን ጽሑፍ ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስሁት።

ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ ራሳቸው «ዳክዬ ፍሬና ቅጠል በሊታ ናት» ብለው ያምኑ ነበር። የተሳሳቱበት ምክንያት የሚገርም ነው። ወፍ የምግቧን ዓይነት የምታስመረምረው ሆዷ ተከፍቶ ነው። የወፍ ጨጓራ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ይዞ እህል የሚፈጭ ወፍጮ ነው። ጠንካራው ፍሬ እዚያ ወፍጮ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ይቆያል፤ ለስላሳው ትል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ስለዚህ ጨጓራውን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ፍሬ ብቻ ነው፤ ትሉ ምስክር ሳይተው አልፏል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሲነቁበት ጨጓራውን ትተው ገና ያልወረደውን፣ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ማየት ጀመሩ። ያን ጊዜ እውነቱ ወጣ። እንቁላል የምትጥለዋ ሴት ከምትበላው ከግማሽ በላዩ ነፍስ ያለው ነገር ሆኖ ተገኘ፤ የትንኝ ዕጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ የመሬት ትል፣ ከቅንጣት የማይበልጡ ቅርፊት ለባሽ የውኃ ነፍሳት።

አንባቢ «ውኃው ውስጥ የተገኘው እሱ ስለሆነ ይሆናላ» ሊል ይችላል። እንዳይባል፣ ወንዱም እዚያው ውኃ ላይ ነው፤ ወንዱ ግን ከሷ ይልቅ ወደ ፍሬው ያደላል። እሷም ብትሆን እንቁላሏን ጥላ ስትጨርስና መታቀፍ ስትጀምር ወደ ድሮ ገበታዋ ትመለሳለች። ለውጡ የወቅቱ ብቻ ሳይሆን የእንቁላሉ ጉዳይ ነው።

ሒሳቡን ላስረዳ። ማላርድ የሚሏት፣ ወንዷ አረንጓዴ ራስ ያለው የፈረንጅ ዳክዬ፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ እንቁላሏ 50 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በቀን አንድ እየጣለች ዘጠኝ አሥር ታደርሳለች። ይህም ማለት በአሥር ቀን ውስጥ የክብደቷን እኩሌታ ከገላዋ ታወጣለች። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአሥር ቀን 30 ኪሎ ልጅ ወለደች እንደ ማለት ነው። የሣር ፍሬ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ፕሮቲን የለውም። የእንቁላሉ ቅርፊትም ከየትም አይመጣም፤ ኖራ ነው። ቀንድ አውጣ ሥጋውም ፕሮቲን፣ ቤቱም ኖራ ነውና በአንድ ጉርሻ ሁለት ጉዳይ ይፈጽማል። ቤታችን ያሉ ዶሮዎች እንኳ ጥሬ ተበትኖላቸው ሳለ መሬቱን ጭረው ትል የሚፈልጉት አለነገር አይደለም።

ይኸው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሌላ ጥናት ያስረዳው ነገር ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። ዳክዬዋ የእንቁላሉን ቅባት የምታወጣው አስቀድማ ገላዋ ላይ ካከማቸችው ስብ ነው። ስቡን እንደ ስንቅ ይዛው ትመጣለች። ፕሮቲኑን ግን እንደዚያ ቋጥራ ልትይዘው አትችልም፤ የዛሬው እንቁላል ፕሮቲን በእነዚሁ ቀናት ከምትበላው መገኘት አለበት። ካላገኘች እንቁላሉ ያንሳል ወይም ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ራሷን ደፍታ መዋሏ ከዚህ የተነሣ ነው። ወንዱ በዚያን ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ዘብ ይቆምላታል፤ እሷ ጠላት አለ የለም ሳትል ትብላ ብሎ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሆኜ የሱሉልታ ሜዳ ትዝ አለኝ። ዳክዬዋ ለምን ከዚያ ሜዳ እንደምትመጣም ያን ጊዜ ገባኝ። በበጋ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነው፤ እበቱ፣ የደረቀው ሣር፣ ሥሩ ሁሉ እዚያው አለ። ዝናቡ ሲያጥለቀልቀው ይበሰብሳል። ብስባሹ ዓይን የማያያቸውን ተሕዋስያን ያበዛል፤ በእነሱ ዕጮች ይራባሉ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጭቃው ደም በመሰሉ ቀያይ ትሎች ይሞላል። የመሬት ትሎችም ጉድጓዳቸው ውኃ ሲገባበት ወደ ላይ ይወጣሉ። እንዲህ ያለችው ዳክዬ ጠልቃ የምትመገብ አይደለችም፤ አንገቷ እስከ ደረሰበት ድረስ ብቻ ነው የምትፈልገው። ጥልቅ ሐይቅ ለሷ ውብ መኝታ እንጂ ማዕድ አይደለም። ማዕዷ ከጉልበት የማያልፈው፣ ለሰው «ረግረግ» ተብሎ የሚናቀው የክረምት ውኃ ነው።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ቃል መጣብኝ። «እነዚህስ ጾም የላቸው!» ራሷን ደፍታ የነበረችው ዳክዬ ሴቷ ነበረች። ሁለት እናቶች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ወር፣ አንዷ ስትገድፍ አንዷ ስትጾም እያየሁ አልፌአለሁ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባኛል። እህቴን ጾሙ ገደላት አልልም። በዚያ ዘመን በዚያ ሰፈር ሕፃን የሚቀጥፍ ነገር ብዙ ነበር፤ ሐኪም አላየንም። የሰው ልጅም ዳክዬ አይደለም፤ ዘጠኝ ወር ነው እንጂ አሥር ቀን የለውም። የጾም ምግባችንም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ጤፉ ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከባቄላው ጋር ሲገናኝ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ነገሩ የነበረው መጠኑ ላይ ነው። እናቴ የጾም ምግብ በላች ሳይሆን፣ የጾም ምግቡንም አልበላችም። በቀን አንዴ፣ ያውም ከሁላችን በኋላ፣ ያውም የተረፈውን።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አልነገርኋትም። በ1991 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሱሉልታ እየሄድሁ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ዳክዬ አንሥቼ አላውቅም። ምን ብዬ? «ያኔ ብትበዪ ኖሮ» ልበላት? ያ ዕውቀት ለሷ መድኃኒት አይሆናትም ነበር፤ የሚሆናት ፍርድ ነው። ስለዚህ ለሰው ልጆች አስተማርሁት። ለራሴ ልጅም መንገር ከበደኝ፤ ለሷ መንገር እናቴን ማማት መሰለኝ።

2016 ዓ.ም. ሆነ። ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የምትተዳደር፣ ከእኔ ይልቅ ወደ አያቷ ያደላች ሴት ናት፤ ጾም ላይ ደግሞ ቁርጥ እናቴ። ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ፍልሰታ ገባ። ሐኪሟ ደሟ ማነሱን ነግሯታል፤ እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ባሏ በስልክ «አባባ፣ እርስዎ ቢናገሯት» አለኝ። እናገራታለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄድሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ኑሮ ውድነት ተጫውተን ተመለስሁ።

ነሐሴ 5 ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ስትመለስ፣ «ባልሽ መኪናውን ያውጣና የተወለድሁበትን ሜዳ ላሳይሽ» አልኋት። እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ወረድን። ሜዳዬን ለማግኘት ተቸገርሁ። አጥር ላይ አጥር፣ መጋዘን፣ ገና ያላለቀ ፎቅ። በመጨረሻ ከሁለት አጥር መካከል፣ እንደ እርሻ ማሳ የጠበበች ውኃ ያቆረች መሬት አገኘን። ቀጤማ አብቅላለች። ሁለት ቢጫ መንቆሮችም ነበሩባት።

«አባዬ፣ የትኛዋ ናት ሴቷ?» አለችኝ።

ወንዱና ሴቷ በላባ አይለዩም፤ የሚለዩት በድምፅ ነው። ሴቷ ጮክ ብላ ትንጫጫለች፤ የወንዱ ድምፅ የታፈነ ፉጨት ነው። በዚህች ወር ግን ሌላም መለያ አለ።

«ራሷን ደፍታ የምትበላዋ» አልኋት። «ቀና ብሎ የሚጠብቀው ባሏ ነው።»

አማቼ ሳቀ። እሷ ዝም ብላ ታያለች። እኔም ከዚያ በኋላ እንደ ክፍል ውስጥ ጀመርሁ። ስለ ፍሬው፣ ስለ ትሉ፣ ስለ ቀንድ አውጣው፣ ስለ ስንቁና ስለ ዕለት ጉርሱ፣ ሁሉንም አስረዳሁ። ስጨርስ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል፣ «ገባኝ የምትለው፤ ግን አባዬ፣ እኔ ዳክዬ አይደለሁም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለዚያ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በ37 ዓመት ውስጥ ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋት። በዚህች መንገድ ላይ አያቷ ቆማ የተናገረችውን፣ ከጨርቁ ያነሰችውን ልጅ፣ አባቴ ያሰሩትን ሣር፣ ከቀብር መልስ እናቴ ያላየችበትን አቅጣጫ። አክስት እንደ ነበራት አታውቅም ነበር።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች።

«አልወጣላትም።»

ከዚያ በኋላ ወደ መኪናው እስክንመለስ አልተናገረችም። እኔም አልጨመርሁም። ሴቷ ዳክዬ ስንመጣ እንደ ነበረች፣ ጭራዋን ሰቅላ ቀረች።

በሁለተኛው ቀን ማታ ስልክ ተደወለ። ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ ነበር። «ተቆጡኝ» አለችኝ። ደነገጥሁ። «ምን ብለው?» «‹ይህን እስከ ዛሬ ሳትጠይቂ ለምን ቆየሽ? ነፍሰ ጡር እንደ በሽተኛ ናት፤ ጾሙ አንቺን አይጠብቅሽም› ብለው።» ትንሽ ዝም ብላ ጨመረች። «አባዬ፣ አያቴም ብትጠይቅ ኖሮ እንዲህ ይሏት ነበር?» አላውቅም ማለት ከበደኝና፣ «የጠየቀቻቸው አይመስለኝም፤ የሚያስጠይቅ ነገር መሆኑን ማን ነግሯት?» አልኋት። መልሱ ለሷ ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ያንን ያመጣው ዳክዬዋ ናት አልልም፤ መምህር ነኝና እንዲህ ያለውን አስረጅ ከተማሪም አልቀበልም። በየካቲት ሰማንያዋ ሲሞላ ክርስትና አነሣናት። ስም አላት።

ስለ ዳክዬ ከተማርሁት ሁሉ መጨረሻ የገባኝ ነገር ይህ ነው። እርግብ ልጇን ታጎርሳለች፤ ዳክዬ ግን አታጎርስም። ጫጩቶቿ ከተፈለፈሉ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድጉት በትንኝና በዕጭ ነው፤ ሣርና ፍሬ የሚመጣው ቀስ በቀስ ነው። እናቲቱ ከአፏ አውጥታ አንዲት ትል አትሰጣቸውም። የሷ ሥራ ከፊት መርታ፣ ትሉ ወዳለበት ውኃ ማድረስ ነው፤ መብላቱ የራሳቸው ነው።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄን ይዘን እንደገና ወደዚያች ጠባብ ውኃ ሄድን። እኩሌታዋ ላይ ገረጋንቲ ተደፍቶባታል። በቀረችው እኩሌታ ላይ አንድ ጥንድ ነበር። አባቴ ቢኖሩ ጫፉን የሚያስሩት ሣር እንኳ አልነበረም። ልጄ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ፣ «አየሽ፣ ያቺ ራሷን የደፋችው ናት ሴቷ» ስትላት ሰማሁ።